የ«ሽቦና ዝናብ» አሥራ ሦስተኛው ቅጽ

የ«ሽቦና ዝናብ» ቀጣይ ክፍል ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ የደረሰ ዕለት ተርጓሚዋ ፀጉሯን ታጥባ፣ ፎጣ ጠምጥማ፣ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በሩን ሳያንኳኳ በርግዶ ገባ።

«እቴ፣ ተቀመጪ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያው እንዳትነሺ። ብየዳ ተመልሳለች!»

እሷ ግን ተነሳች። ፎጣው ወለል ላይ ወደቀ፤ ዘወር ብሎ ያየውም የለም።

ብየዳ በሥጋ ያለች ሰው አይደለችም። «ሽቦና ዝናብ» የሚባለው፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ባለ አሥራ ሁለት ቅጽ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የባዕድ አገር ልብ ወለድ፣ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። መጽሐፉ ሳይበርፐንክ ከሚሉት ወገን ነው፤ ቴክኖሎጂው ሰማይ የነካበት፣ ሰው ግን ጭቃው ላይ የቀረበት ዓለም ታሪክ። ዝናብ በማያባራባት አንዲት ከተማ ውስጥ ውሃው፣ መብራቱ፣ የሚተነፈሰው አየር ሳይቀር የአንድ ኩባንያ ነው። የቸገረው ሰው ትዝታውን ለኩባንያው ያስይዛል፤ የእናቱን ፊት፣ የሠርጉን ዕለት፣ የልጁን የመጀመሪያ ሳቅ። አንድ እጇ ብረት የሆነችው ሽቦ ጠጋኟ ብየዳ የኩባንያውን መጋዘን ሰብራ ገባችና የሕዝቡን ትዝታ ለየባለቤቱ መለሰች። የትዝታዎቹ ካዝና የሚከፈተው ግን የራሷን ትዝታ በሙሉ ስትሰጥ ነበር፤ ሰጠች። በአሥራ ሁለተኛው ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ያዳነቻቸው ሰዎች በዝናብ ከበዋት ቆመው ሳለ፣ ባዶ የቀሩ ዓይኖቿን ቀና አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ባላስታውሳችሁም አውቃችኋለሁ።»

ያቺ ዓረፍተ ነገር ክንፍ አወጣች። የታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ተለጠፈች፤ የምረቃ መጽሔት ላይ ታተመች፤ የተጣሉ ፍቅረኛሞች ታረቁባት። መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቷታል።

ያንን ሁሉ ወደዚህ አገር ቋንቋ ያመጡት እነዚህ እህትና ወንድም ናቸው። ያኔ እሷ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበረች። የመጽሐፉን ቋንቋ የለመደችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን መመሪያ ስትተረጉም ነው፤ ስለዚህ ስለ መርፌና ስለ ማሽን ጥርስ ካልሆነ በቀር ምንም፣ አንድ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚሰድብ እንኳ አታውቅም ነበር። ስድቡን ከብየዳ ተማረች። ወንድሟ ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚጻፍባቸው ፊኛዎች ውስጥ ያለውን የባዕድ ጽሑፍ በነጭ ቀለም እየሸፈነ፣ የእሷን ትርጉም በቀጭን ብዕር በእጁ ይጽፍ ነበር። ጣቶቹ ከዓመት እስከ ዓመት ጥቁር ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ «ቀለሜ» ይለዋል። በትምህርት ጎብዞ ያገኘው ስም አለመሆኑን ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው።

እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ቀለሜ አገባ፣ ወለደ፣ ብዕሩን በኮምፒውተር ለወጠ። እሷ ሳታገባ፣ ከወንድሟ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዙት ሁለት ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት መግለጫ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የማቀዝቀዣ መመሪያ ስትተረጉም ኖረች። ሥራው ክፉ አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ የጻፈችው አንድም ቃል ታክሲ ላይ አልተለጠፈም።

ስለዚህ አሳታሚው ቤት የአዲሱን ቅጽ ፋይል የላከላት ዕለት ስልኳን ዘጋች፤ በሩን ቆለፈች፤ ሻይ በትልቁ ብርጭቆ ቀዳችና ማንበብ ጀመረች።

ሻይዋ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በመጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ዝናቡ ቆሟል። ስሙ «ሽቦና ዝናብ» በሆነ መጽሐፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ጠብታ የለም! ብየዳ አርጅታ፣ ሱፍ ለብሳ፣ የዚያው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። ማንኪያ የተባለው ያ አንባቢውን ሁሉ ሆዱን አስይዞ ሲያስቅ የኖረው ሌባ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ሞቷል፤ መሞቱም የሚነገረው በአንዲት መስመር፣ ያውም በስብሰባ መሃል ነው። ድሮ በሁለት ሥዕል ያልቅ የነበረውን ነገር ሰዎቹ አሁን ቆመው ያስረዳሉ። ስድስት ሙሉ ገጽ ስለ ኃይል ማመንጫው አሠራር! የሥዕሉም መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ድርቅ ያለ፣ ነፍስ የራቀው ነው። እጅና እግር የሌለው ነገር ሆነባት። ስትጨርስ እንደ ተሰደበ ሰው ፊቷ ጋለ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። ሥዕሉንም ራሱ የሚሥለው ሽማግሌ ደራሲ አንባቢውን ለማስታወስ ብሎ የአሥራ ሁለተኛውን ቅጽ የመጨረሻ ሥዕል እንደገና አውጥቶታል። ተርጓሚዋ መጀመሪያ ስታየው ፈገግ ብላ አለፈችው። መጽሐፉን ጨርሳ፣ ከንዴቷ የተነሳ ወደ መጀመሪያው ስትመለስ ግን ከፊኛው ጥግ ላይ አንድ ምልክት አየች። የጥያቄ ምልክት ነበረች።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያ ገጽ የደረሳቸው በፋክስ ነው፤ ዳርና ዳሩ ተቆርጦ፣ ግማሹ ጠቁሮ። ቋንቋው ደግሞ ባለቤቱን መደበቅ የሚወድ ቋንቋ ነው፤ «አውቃለሁ» እና «ታውቃላችሁ» በአንድ ቃል ሊነገሩ ይችላሉ፤ አንዳንዴ የሚለያቸው ያቺ ምልክት ብቻ ናት። ብየዳ ያለችው «ባላስታውሳችሁም አውቃችኋለሁ» አልነበረም። ያለችው፦

«አላስታውሳችሁም። ታውቁኛላችሁ?»

ነበር።

እንግዲህ አዲሱ ታሪክ የተገነባው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሕዝቡ ደንግጦ ዝም ሲል፣ ከመሃሉ የኩባንያው ሰዎች ይወጡና «እኛ እናውቅሻለን፤ ነይ» ብለው እጇን ይዘው ይወስዷታል። ቀድሞ የመለሰላት ጠላቷ ነበር። ለዚህ ነው ሱፍ የለበሰችው። ለዚህ አገር አንባቢ ግን ብየዳ ምንም አልጠየቀችም፤ ስለዚህ የሰዎቹ መልስ ከሰማይ ዱብ ያለ ነው የሚመስለው።

ተርጓሚዋ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ይልቅ ማንም ያላዘዛትን ሥራ ጀመረች። የኩባንያው ሰዎች የሚናገሩትን ጠምዝዛ ከራሷ ዓረፍተ ነገር ጋር አስማማችው። አንዴ እጇን ካስገባች በኋላ ደግሞ ማቆም አቃታት። ለማንኪያ ያማረ ሞት ሰጠችው። የኃይል ማመንጫው መግለጫ መሃል ሁለት ቀልድ ሰካች። ብየዳ ስብሰባ ላይ «አጀንዳው ጸድቋል» የምትለውን አውጥታ የድሮዋን ብየዳ የሚመስል ስድብ ተካችበት። በየቀኑ ጠዋት ስትነሳ ትጓጓ ነበር። እያሻሻልኩት ነው፣ ለአንባቢው ብዬ ነው እያለች ለራሷ ትነግራለች። ሆዷ ግን አላመናትም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ቀለሜ ላፕቶፑን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣ።

«እቴ፣ ይሄ አይገባም።»

«ምኑ ነው የማይገባህ? እኔ ላስረዳህ።»

«ለኔማ ይገባኛል። ፊኛው ውስጥ ነው የማይገባው። ሽማግሌው አራት ቃል የምትበቃ ፊኛ ሥሏል፤ አንቺ አሥራ አንድ ቃል ልከሽልኛል።»

«ፊደሉን አሳንሰው።»

«አሳነስኩት። አሁን የሚያነበው ጉንዳን ነው።»

«እንግዲያው ፊኛውን አስፋው።»

«ብየዳ ፊት ላይ? አፍንጫዋን ልሸፍነው?» ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አርባ ሰባት ፊኛ ፈንድቶብኛል። በአሥራ ሁለት ቅጽ ውስጥ አንድ አፈንድተሽብኝ አታውቂም። ሰውዬው ረዘም ሲል ታረዝሚያለሽ፣ ቆረጥ ሲያደርግ ትቆርጫለሽ። ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይሄ የሰውየው መጽሐፍ ነው ወይስ ያንቺ?»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተችና በጣቷ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት አሳየችው። ቀለሜ ቋንቋውን አያውቅም፤ የጥያቄ ምልክት ግን ያውቃል። እስክትጨርስ ድረስ ሳያቋርጥ ሰማት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለ በመጨረሻ። «በእጄ እኮ ነው የጻፍኳት። ከሁሉም ያሳመርኳት እሷን ነው። ሦስት ቀን ነው የፈጀሁባት።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔ ተሳስተሽ ነው። ገጹ ተቆርጦ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። አሁን ግን ገጹ አልተቆረጠም፣ እቴ። አሁን የምታደርጊው ሌላ ነገር ነው።»

እሷም ሆድ ባሳት። «ታዲያ ይሄን ግብስብስ እንዳለ ላቅርበው? ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ‹አጀንዳው ጸድቋል› ልበለው?» እያለች ድምፅዋ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። የእሱም ከፍ አለ። ግድግዳው ቀጭን ነው።

የቀለሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። በከንፈሮቿ መርፌ ቁልፍ እንደያዘች፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ብቅ አለች። በሕይወቷ አንድ ገጽ ማንጋ አንብባ አታውቅም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካቻቸውና ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ነገሯት።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ደንበኛዬ ቀሚሱ ከጠበባት ቀሚሱን እፈታለሁ እንጂ ደንበኛዬን እቆርጣታለሁ?»

«የትኛው ነው ቀሚሱ?» አለ ቀለሜ።

«እኔ ምን አውቄ? እናንተ ናችሁ የተማራችሁት» ብላ ተመለሰች። ወዲያው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ።

እህትና ወንድም ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ቀለሜ ትከሻዋን ያዛት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አላት፦ «መስመሩ ለምን እንደ ደረቀ ታውቂያለሽ? አጉልቼ አይቼዋለሁ። ከሥሩ የእጁ እርሳስ ትንሽ ትንሽ ይታያል። ይንቀጠቀጣል፣ እቴ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥበት ነው በማሽን የሚያስተካክለው። መጽሐፉ ደካማ ነው፤ እኔም አልወደድኩትም። ግን ሰውየው በዚያ እጁ ሁለት መቶ ገጽ ሥሏል። ያለውን እንበልለት።»

በማግስቱ የጻፈችውን ሁሉ ሰርዛ ከአንድ ጀመረች። አሰልቺው ቦታ ላይ አሰልቺ ሆነች። «አጀንዳው ጸድቋል» ወደ ቦታው ተመለሰ። ማንኪያ በአንዲት መስመር ሞተ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥያቄዋን ስትጽፍ እጇ ከበዳት፤ ጻፈቻት። አንድም ፊኛ አልፈነዳም።

አርታኢው ድሮ የመጀመሪያውን ቅጽ የሰጣት ሰው ነው፤ ጠጉሩ ነጭቷል፤ እሷም እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምትለው። ቢሮው ድረስ ሄዳ ሁሉንም ዘርግፋ ነገረችው። ለረጅም ጊዜ ግንባሩን አሸ።

«አሁን ይሄን ማን ያስተውላል?» አላት።

«ያስተውላሉ፣ ጋሼ። አንባቢዎቹ ነጠላ ሰረዝ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የመጽሐፉ ምረቃ ላይ እኔው ልንገራቸው።»

አርታኢው በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፤ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ግን በሩ አጠገብ ነው የምቆመው፤ ለሩጫ እንዲያመቸኝ።»

ምረቃው መጽሐፉ ለሽያጭ በወጣ በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ቦታው ከመድኃኒት ቤትና ከጫማ አዳሽ ሱቅ መሃል ያለች አንዲት መጻሕፍት መደብር ናት። ስልሳ ወንበር ተደርድሮ የመጣው ሰው ከመቶ በላይ ሆነ፤ የተረፈው መደርደሪያ ተደግፎ ቆመ። ድሮ በትምህርት ቤት ቦርሳቸው ደብቀው ያነበቡት ልጆች ዛሬ ራሰ በራ ሆነዋል፤ መነጽር አድርገዋል። ሁሉም መጽሐፉን አንብበው መጥተዋል፤ ፊታቸውም የለቀስተኛ ፊት ነበር።

አንድ የታክሲ ሾፌር ድምፅ ማጉያውን ከአስተናባሪው እጅ ነጠቀ ማለት ይቻላል። «ማንኪያን በአንድ መስመር? ያን ሁሉ ዓመት ያሳቀንን ሰው እንደ ወንበር መጉደል በስብሰባ?» ጭብጨባ ሆነ። አንዲት መምህርት ዝናቡን ማን እንዳቆመው ጠየቀች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ተነስቶ «ደራሲው እንዲህ አይጽፍም፤ ትርጉሙ ነው የገደለው» አለ። ቤቱ ጉርምርም አለ። ቀለሜ ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ተርጓሚዋ እጁን ጫን አደረገችውና ራሷ ተነሳች።

«ትርጉሙ አልገደለውም» አለች። «መጽሐፉ እንዳያችሁት ነው። እኔም እንደናንተ አዝኛለሁ፤ ሻዬ ቀዝቅዞብኛል። የገደልኩት ሌላ ነገር ግን አለ።»

ከዚያ ስለ ፋክሱ፣ ስለ ተቆረጠው ጠርዝ፣ ስለ ጥያቄ ምልክቷ ነገረቻቸው። አላሳመረችውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቃ መጽሐፉን ልታጣምመው እንደሞከረችም ጨመረች፤ ቀለሜ ይህን እንደማትናገር ነበር የገመተው። «ባላስታውሳችሁም አውቃችኋለሁ» የሚለውን ደራሲው በጭራሽ አልጻፈውም አለች። «ይቅርታ» ብላ ቆመች።

አርታኢው የበሩን እጀታ ያዘ።

«የሠርግ ቀለበቴ ውስጥ ነው የተቀረጸው!» አለች አንዲት ሴት ከመሃል፣ ጮኽ ብላ።

«ፍቺ!» አለ የታክሲ ሾፌሩ፤ ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ሁሉንም አላዳረሰም። አንዳንዱ ተቆጣ፤ «ታዲያ እኛ የወደድነው ማንን ነው?» ያለም ነበር። ሁለት ሰዎች ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ተርጓሚዋ ሲወጡ አየቻቸው፤ አልፈረደችባቸውም።

በዚህ መሃል ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት እጇን አነሳች። ከሥራ በቀጥታ እንደመጣች ያስታውቃል፤ የአምቡላንስና የአደጋ ጥሪ ማዕከል ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ስትቀበል እንደ ሥራዋ ወግ ረጋ ብላ፣ ቃሉን እየለየች ተናገረች።

«አባቴ አእምሮው እየደከመ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው። እኛን ልጆቹን አያስታውሰንም። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግድግዳው ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ‹ባላስታውሳችሁም አውቃችኋለሁ›። እሱ የተናገራት አድርጌ ነው የማያት። ደህና ነው፣ በልቡ ያውቀናል እያልኩ እጽናና ነበር።» ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች። «አባቴ ግን በየቀኑ የሚለው ሌላ ነው። ምግብ ሳቀርብለት ዓይኔን እያየ ‹ታውቂኛለሽ?› ይለኛል። እኔ የማስታወስ ችግር ነው ብዬ፣ ‹ብላ አባዬ፣ ይቀዘቅዛል› እለዋለሁ። አንድ ቀን መልሼለት አላውቅም። አሁን እርስዎ ሲናገሩ ነው የገባኝ፤ ሰውዬው እኮ እየጠየቀኝ ነው።»

የእጅ ሰዓቷን አየት አደረገች።

«ስለዚህ ስለ ስሕተቱ አልቆጣዎትም። ሦስት ዓመት ደግፎ አቁሞኛል። ስላረሙት ደግሞ አመሰግናለሁ። አሁን ልሂድ፤ እራቱ ሰዓት ሳያልፍ መድረስ አለብኝ።» ድምፅ ማጉያውን ለጎረቤቷ ሰጥታ በመደርደሪያዎቹ መሃል ወጣች። አርታኢው በሩን ከፈተላት።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው መልኩን ለወጠ። መጽሐፉን ማንም አልወደደውም፤ እስከ መጨረሻው አልወደዱትም። ግን ቁጣው ወደ ጨዋታ ዞረ። የኩባንያው ሰዎች ቀድመው ባይመልሱላትስ? ማን ይመልስላት ነበር? ማንኪያ! አለ አንዱ። ማንኪያማ ደንግጦ ይሸሻል አለ ሌላው። የታክሲ ሾፌሩና መምህርቷ በዚህ ነገር ተያያዙ፤ የመደብሩ ባለቤት መብራት ማጥፋት ሲጀምር ክርክሩን ይዘው ወደ እግረኛው መንገድ ወጡ። ተርጓሚዋና ወንድሟ መጽሐፍ ለማስፈረም የመጣ ሰው ሲያጡ ዳር ይዘው ያዳምጧቸው ጀመር።

«እቴ፣ እኛን እኮ ረስተውናል» አላት ቀለሜ።

«እሰይ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

ጋዜጣው መጽሐፉን ወረፈው። አሳታሚው ቤት የአሥራ ሁለተኛውን ቅጽ አዲስ እትም ሲያወጣ ግን ጥያቄዋ ወደ ፊኛዋ ገባች፤ ከጀርባው ደግሞ ተርጓሚዋ ስሕተቷን የምትናዘዝበት አንድ ገጽ ታከለ። አሮጌውን እትም የሙጥኝ ያሉ አሉ። ተርጓሚዋ ለደራሲው ደብዳቤ ጻፈች፤ ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ካርድ ላይ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ «ያንቺዋም ጥሩ ናት» የሚል መልስ መጣላት። ካርዱን ለቀለሜ ብቻ አሳየችው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይዋ ናት፤ አድራሻውን ከአርታኢው ተቀብላ ነው የመጣችው። ያለ ሰማያዊ ሸሚዟ ስትታይ ልጅ ትመስላለች። ብብቷ ሥር አንድ ካርቶን አቃፊ ይዛለች።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት ተርጓሚዋ ወንበር እያቀረበች።

«ያው ነው። አይሻለውም፤ ሐኪሙም ነግሮናል። ግን አሁን ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ። አንተ የጣሪያ ሠራተኛ ነበርክ፣ ስታፏጭ ከሩቅ ትታወቅ ነበር፣ እኔ ሁለተኛ ልጅህ ነኝ እለዋለሁ። ‹ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?› ብሎ ይቆጣኛል። ከዚያ ይበላል። ባለፈው ሳምንት አፏጨ።»

አቃፊውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው። ውስጡ በእርሳስ የተሣሉ ስምንት ገጾች ነበሩ። ስለ አንዲት የስልክ ጥሪ ተቀባይ ነው፤ ድምፅ ብቻ እየሰማች የማታያቸውን ሰዎች ስለምትፈልግ። ስታፍር ጆሮዋ ቀላ። «በጥሪ መሃል ባዶ ሰዓት ሲኖረኝ ነው የምሥለው። ለማንም አሳይቼ አላውቅም። እርስዎ እውነቱን እንደሚነግሩኝ ስላየሁ ነው ያመጣሁት።»

ተርጓሚዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ግድግዳውን በጡጫ መታች፤ ይህ ቀለሜን መጥሪያቸው ነው። እሱም መጥቶ ቆሞ አነበበ። አንዴ ሳቀ፣ አንዴ ደግሞ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው።

«ሦስተኛው ገጽ አይረባም» አለች ተርጓሚዋ።

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «ምኑ?»

«እዚህ ጋ ሰው ቤቷ ገብቶባት የምትደውለው ሴት። በትልቅ ፊኛ ነው የጮኸችው። እኔ አላመንኳትም። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

የጥሪ ተቀባይዋ ገጹን አየችው። ቀስ በቀስ ፊቷ ተፈታ።

«አይጮሁም» አለች። «እውነተኛ አደጋ ላይ ያለ ሰው ያንሾካሽካል። በየቀኑ እየሰማሁት! ለምንድን ነው ታዲያ እንዲህ የሣልኩት?»

«ፊልም ላይ ስለሚጮሁ ነዋ» አለ ቀለሜ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ከኪሱም ላጲስ አወጣ። «ፊኛውን እናሳንሰው። ትንሽ፣ ከገጹ ጥግ ላይ። የቀረውን ነጩን ተይው፤ አንባቢው ጆሮውን ያስጠጋ።»

«የቀሩት ሰባቱ ገጾችስ?» ብላ ጠየቀች፣ ወደ ተርጓሚዋ ቀና ብላ።

«ዘጠነኛውን መቼ ነው የምታመጪው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ላጲሱን ተቀበለች። ተርጓሚዋ የፍርድ ቤት ወረቀቶቿን ሰብስባ አልጋው ላይ አኖረችና ጠረጴዛውን ለቀቀችላቸው።